ፍልውሃ (አዲስ አበባ)

ፍልውሃ በአዲስ አበባ መሐል፣ ከታላቁ ቤተ መንግሥት (የምኒልክ ግቢ) በታች ባለው ዝቅተኛ ቦታ የሚገኝ የተፈጥሮ ፍል ውሃ፣ በዚሁ ውሃ የሚሠራ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት እና በዙሪያው ያለው ሰፈር የጋራ መጠሪያ ነው። ቦታው ከአዲስ አበባ መቆርቆር ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ንጉሥ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ገላቸውን ይታጠቡበት የነበረው ውሃ ይኸው ሲሆን፣ በ1879 ዓ.ም. እቴጌይቱ በአካባቢው ቤት ማሠራታቸው ለዛሬዋ ዋና ከተማ መነሻ ሆኗል። በኦሮምኛ አካባቢው ፊንፊኔ ይባላል፤ ይህ ስም ዛሬ በቋንቋው የመላው ከተማ መጠሪያ ነው።

ስያሜ

«ፍልውሃ» የሚለው ቃል «ፍል» (የፈላ) እና «ውሃ» ከሚሉት ሁለት ቃላት የተሠራ ነው። በአማርኛ ማንኛውም ከመሬት የሚወጣ ሙቅ ውሃ ፍል ውሃ ይባላል። በአዲስ አበባ ግን «ፍልውሃ» ተብሎ ያለ ተጨማሪ ሲነገር የሚታወቀው ይህ ሰፈርና መታጠቢያ ቤቱ ነው። «ፍልውሃ ሄጄ ነበር» ያለ ሰው ታጥቦ መምጣቱን ሰሚው ይረዳል።

ፊንፊኔ የሚለው የኦሮምኛ ስም ከከተማዋ መቆርቆር በፊት የነበረ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍቺ እየፈለቀ ወይም እየተንፎለፎለ የሚወጣ ውሃን ያመለክታል የሚል ነው። ማዕድን ያለበት ውሃ በኦሮምኛ «ሆራ» ይባላል፤ ከብት አርቢዎች መንጋቸውን በየጊዜው እየነዱ የሚያጠጡት እንዲህ ያለ ውሃ ስለሆነ፣ ምንጩ ለአካባቢው ነዋሪዎች ከመታጠቢያነት ያለፈ ጥቅም ነበረው።

አቀማመጥ

ፍልውሃ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ወደ ደቡብ እየወረደ በሚሄደው ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። ከላይ በኩል የምኒልክ ግቢ ያረፈበት ኮረብታ አለ። በቅርብ ርቀት ደግሞ በ1948 ዓ.ም. የተሠራው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት (ብሔራዊ ቤተ መንግሥት)፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ፣ በ1962 ዓ.ም. የተከፈተው ሂልተን ሆቴል እና በ1990 ዓ.ም. የተከፈተው ሸራተን አዲስ ይገኛሉ። ባንትይቀጡ የተባለው ወንዝም በዚሁ ሸለቆ ያልፋል። በዚህ ምክንያት ፍልውሃ በአንድ በኩል በመንግሥት ሕንፃዎችና በታላላቅ ሆቴሎች፣ በሌላ በኩል በቀድሞ የመኖሪያ ሰፈሮች መካከል የተቀመጠ ቦታ ሆኖ ቆይቷል።

ውሃው ከየት ይመጣል

አዲስ አበባ የተቀመጠችው ከዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በስተ ምዕራብ በኩል ባለው ጠርዝ አጠገብ ነው። ምድሯ በጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ በተሠሩ ዓለቶች የተሸፈነ ሲሆን፣ ስምጥ ሸለቆው ሲከፈት በተፈጠሩ ስንጥቆች ተቆራርጧል። ከእነዚህ አንዱ በከተማዋ መሐል የሚያልፈውና በሥነ ምድር ባለሙያዎች ዘንድ «የፍልውሃ ስንጥቅ» ተብሎ የሚታወቀው ነው።

የውሃው ጉዞ በአጭሩ ሲገለጽ እንዲህ ነው። በከፍታ ቦታዎች የሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ በዓለቱ ቀዳዳዎችና ስንጥቆች አልፎ ወደ ጥልቅ ይሰርጋል። ወደ ታች በወረደ መጠን የመሬት ውስጥ ሙቀት ያሞቀዋል። የሞቀ ውሃ ከቀዝቃዛው ይልቅ ቀላል ስለሆነና ከላይ የሚጫነው የከርሰ ምድር ውሃ ግፊት ስለሚያግዘው፣ ስንጥቁን መውጫ አድርጎ ወደ ላይ ይመለሳል። ይህ ጉዞ ረጅም ጊዜ የሚወስድ በመሆኑ ዛሬ የሚወጣው ውሃ የዘንድሮ ወይም የአምና ዝናብ አይደለም። ውሃው በፍጥነት የማይተካ ሀብት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ውሃው በጉዞው ከዓለቱ ማዕድናትን ያሟሟል። የፍልውሃ ውሃ በሶዲየምና በባይካርቦኔት የበለጸገ ሲሆን፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ግን አነስተኛ ነው። ይህ ዓይነቱ ውሃ «ለስላሳ» ይባላል፤ ሳሙና ቶሎ ያስኮረፍፋል፣ ገላ ላይም የማሙለጭለጭ ስሜት ይተዋል። ታጣቢዎች ሳሙናው አልለቅ ያለ የሚመስላቸው በዚህ ጠባዩ ነው። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ እንደሚገኙ ብዙ ሙቅ ውሃዎች ሁሉ ፍሎራይድም ከፍ ብሎ ይገኝበታል። የካልሲየሙ ማነስ ለዚህ አንድ ምክንያት ነው፤ ካልሲየም በብዛት ቢኖር ኖሮ ከፍሎራይዱ ጋር ተዋህዶ ያረጋው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚህ በላይ ያለውን ለረጅም ጊዜ መጠጣት ጥርስን ያበልዛል፤ መጠኑ በጣም ሲበዛም አጥንትን ይጎዳል። ስለዚህ ውሃው ለመታጠቢያ እንጂ ለዘወትር መጠጥ የሚመከር አይደለም።

ውሃው ከመሬት ሲወጣ ሙቀቱ ገላ ከሚችለው በላይ ነው። ለመታጠቢያ የሚውለው እንዲቀዘቅዝ ከተተወ ወይም ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ነው።

ታሪክ

ከ1879 ዓ.ም. በፊት

ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት ሸለቆው የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ይኖሩበት የነበረ ሲሆን፣ ጉለሌ፣ ኤካ (የካ) እና ገላን የሚሉት ስሞች ዛሬም በከተማዋ ውስጥና በዙሪያዋ የቦታ መጠሪያ ሆነው ይገኛሉ። የምኒልክ አያት የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወደ አካባቢው ይዘምቱ ነበር። ከ1841 እስከ 1843 እ.ኤ.አ. በሸዋ የቆየው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሀሪስ ስለ ሸዋ ቆይታው ባሳተመው መጽሐፍ የፊንፊኔን ሸለቆ ጠቅሷል። ሣህለ ሥላሴ በዚህ ቦታ የልጅ ልጃቸው ከተማ እንደሚሠራ ተናግረዋል የሚል አፈ ታሪክም አለ።

የአዲስ አበባ መቆርቆር

ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ ያዛወሩት በ1870ዎቹ ዓ.ም. ነው። እንጦጦ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ዙሪያውን ለመቃኘትና ለመከላከል የሚመች ተራራ ነበር። ለኑሮ ግን ከበደ፤ ብርዱና ነፋሱ ጠንካራ፣ መንገዱ አቀበት፣ ማገዶውም እየመነመነ የሚሄድ ሆነ። ከተራራው ግርጌ ያለው ሜዳ በአንጻሩ ሞቃት፣ ውሃና ሣር የሞላበት ነበር፤ ፍል ውሃውም ነበረበት።

ቤተ መንግሥቱ ለመታጠብና ለማረፍ በየጊዜው ወደ ፍልውሃ ይወርድ ነበር። በዘመኑ ልማድ ንጉሥ ብቻውን አይወርድም፤ መኳንንቱ፣ ሠራዊቱና ቤተ ሰቡ አብረው ስለሚሄዱ ሜዳው በድንኳን ይሞላል። የምኒልክ ታሪክ ጸሐፊ ጸሐፌ ትዕዛዝ ገብረ ሥላሴ እንደጻፉት፣ እቴጌ ጣይቱ የአገሩን ማማር አይተው ቤት የሚሠሩበት ቦታ ንጉሡን ለመኑ፤ ንጉሡም ፈቀዱ። ይህ የሆነው በ1879 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኅዳር ወር የከተማዋ መቆርቆሪያ ተደርጎ ይታሰባል። በዚያው ዓመት ምኒልክ ወደ ሐረር ሲዘምቱ እቴጌይቱ የቤቱን ሥራ አስቀጠሉ። ቦታውንም «አዲስ አበባ» ብለው ሰየሙት።

ከዚያ በኋላ መኳንንቱ በየኮረብታው ቦታ እየተሰጣቸው ሰፈር ሠሩ፤ ዋናው ግቢም ከፍል ውሃው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ተተከለ። የከተማዋ መስፋፋት ለአዲሶቹ ሠፋሪዎች መልካም ዕድል ሲሆን፣ ቀድሞ በሸለቆው ይኖሩ ለነበሩ የኦሮሞ ቤተሰቦች ግን ከመሬታቸውና ከሆራቸው መራቅን አስከትሏል። የፊንፊኔና የአዲስ አበባ ስሞች ጎን ለጎን መኖር ይህን ሁለት ገጽ ያለው ታሪክ ያስታውሳል።

የፍል ውሃው መኖር ለከተማዋ መነሻ ቢሆንም ዘላቂነቷን ያረጋገጠ አልነበረም። በ1890ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባም ማገዶ ስላነሰ ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ግንባታ ተጀምሮ ነበር። ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ በፍጥነት እየተስፋፋ የማገዶውን ችግር በማቃለሉና በከተማዋ የተሠሩት ሕንፃዎች በመብዛታቸው ሐሳቡ ቀረ።

ከምኒልክ ዘመን በኋላ

በአዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቧንቧ ውሃ አልነበረም። ወደ ቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውሃ የገባው በ1880ዎቹ አጋማሽ በስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ መሐንዲስነት ሲሆን፣ ተራው ሕዝብ ከወንዝና ከምንጭ መቅዳቱን ቀጥሏል። እንጨት ውድ በሆነበት ከተማ ያለ ማገዶ የሚገኝ ሙቅ ውሃ ትልቅ ጸጋ ነበር። ፍልውሃ ከቤተ መንግሥት ሰዎች ሌላ ሕመምተኞችና መንገደኞችም የሚመጡበት ቦታ ሆነ፤ ከተማዋን የጎበኙ የውጭ ተጓዦችም በጽሑፎቻቸው ይጠቅሱታል።

በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቦታው ክፍሎች፣ ቧንቧዎችና ገንዳዎች ያሉት መደበኛ የመታጠቢያ ተቋም ሆኖ ተደራጀ። ድርጅቱ ለረጅም ጊዜ በመንግሥት ይዞታነት ሲተዳደር የቆየ ነው። ከዚሁ የከርሰ ምድር ሙቅ ውሃ አጎራባች ተቋማትም ይጠቀማሉ። በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አነሳሽነት በመስቀል ቅርጽ የተሠራው የሂልተን ሆቴል መዋኛ ገንዳ ውሃው የሚሞቀው በዚሁ የተፈጥሮ ሙቀት ነው።

በ2012 ዓ.ም. በአካባቢው የአንድነት ፓርክና የሸገር ወዳጅነት ፓርክ ተከፍተዋል። የሸለቆው ገጽታም በእነዚህና በሌሎች አዳዲስ ግንባታዎች ብዙ ተለውጧል።

አገልግሎትና የአስተጣጠብ ሥርዓት

ፍልውሃ ከቱርክ ሐማም ወይም ከጃፓን የፍል ውሃ ቤቶች በአንድ ዋና ነገር ይለያል። በእነዚያ ቦታዎች ሰዎች በአንድ ሰፊ ክፍል አብረው ይታጠባሉ። በፍልውሃ ግን የተለመደው በር የሚዘጋ የግል ክፍል ነው። ይህም ገላን በሰው ፊት መግለጥ ከማይወደድበት የአገሩ ልማድ ጋር የሚስማማ ነው።

የተለመዱት አገልግሎቶች የሚከተሉት ናቸው፦

- ሻወር፦ ለፈጣን መታጠብ የሚመረጥ ሲሆን ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው።
- ባኞ (የገንዳ መታጠቢያ)፦ ታጣቢው በሙቅ ውሃ ውስጥ ተኝቶ የሚቆይበት ነው። ለቁርጥማትና ለድካም የሚመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት ይህንን ነው።
- እንፋሎት፦ ላብ ለማውጣት የሚገባበት የታፈነ ሙቅ ክፍል ነው።
- ማሳጅ፦ ከእንፋሎት ወይም ከባኞ በኋላ የሚሰጥ የማሸት አገልግሎት ነው።

ክፍሎቹ በደረጃ የተከፋፈሉ ናቸው፤ የዋጋው ልዩነትም ከክፍሉ ስፋትና ምቾት ጋር ይሄዳል። ደንበኛው መጀመሪያ ትኬት ይቆርጣል፣ ከዚያ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ተራው ሲደርስ አስተናጋጅ ክፍሉን ያሳየዋል። በክፍሉ የሚቆይበት ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ ሲያልቅ በሩ ይንኳኳል። ሳሙና፣ ፎጣና ነጠላ ጫማ ይዞ መሄድ የተለመደ ነው። ጠዋት ማልዶ የሄደ ሰው ብዙ አይጠብቅም። ቅዳሜና እሑድ፣ በተለይም በበዓላት ዋዜማ፣ ተራው ይረዝማል።

ገንዳ ውስጥ ከመግባት በፊት ገላን በሳሙና መታጠብ፣ ገንዳውም ከቀደመው ሰው በኋላ ታጥቦ እንደሆነ ማየት ተገቢ ነው። ውሃው በእጅ ሳይሞከር አይገባበትም። ከገንዳ ሲወጡም በድንገት መነሳት አይመከርም፤ ሙቀት የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ የደም ግፊት ዝቅ ይላልና ሊያዞር ይችላል።

ፍልውሃና ጤና

ፍል ውሃ ለቁርጥማት፣ ለወገብ ሕመም፣ ለብርድና ለቆዳ በሽታ ይበጃል የሚለው እምነት የቆየ ነው። ሙቀት የተወጠረ ጡንቻን ማፍታታቱ፣ የመገጣጠሚያ ሕመምን ለጊዜው ማስታገሡና እንቅልፍን ማገዙ በሕክምናም ይታወቃል። ይሁን እንጂ ይህ ማስታገሥ እንጂ ማዳን አይደለም። ተላላፊ የቆዳ በሽታ ወይም ክፍት ቁስል ያለበት ሰው ሕክምና ሳያገኝ በጋራ ገንዳ መታጠቡ ለራሱም ለሌላውም አደጋ አለው።

የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ችግር ያለባቸው ሰዎችና ነፍሰ ጡሮች ወደ ባኞም ሆነ ወደ እንፋሎት ከመግባታቸው በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው። አልኮል ጠጥቶ መግባት ለማንም አይመከርም። በእንፋሎት ክፍል በላብ የሚወጣውን ለመተካት በኋላ ንጹሕ ውሃ መጠጣት ያስፈልጋል።

ፍል ውሃ ከጸበል የተለየ መሆኑም መታወቅ አለበት። ጸበል በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በጸሎት የተባረከ፣ በእምነት የሚጠመቁትና የሚጠጡት ውሃ ሲሆን ቀዝቃዛም ሙቅም ሊሆን ይችላል። የአዲስ አበባው ፍልውሃ አገልግሎት ግን ዓለማዊ ነው፤ የየትኛውም እምነት ተከታይ ከፍሎ ይታጠባል።

በከተማዋ ኑሮ ያለው ቦታ

በአዲስ አበባ በብዙ የቀበሌና የኪራይ ቤቶች ውስጥ መታጠቢያ ክፍል አልነበረም። ነዋሪው ውሃ አሙቆ በሳፋ ይታጠባል፤ ለሳምንቱ ትልቅ መታጠብ ግን ወደ ሻወር ቤት ወይም ወደ ፍልውሃ ይሄዳል። ስለዚህ ፍልውሃ ለብዙ ቤተሰቦች የመዝናኛ ሳይሆን የንጽሕና አገልግሎት ነበር። በሌላ በኩል ቤቱ መታጠቢያ ያለው ሰውም ለእንፋሎቱና ለባኞው ይመጣል። ነጋዴ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ጡረተኛ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ መንገደኛ እና ለሠርጉ የሚዘጋጅ ሙሽራ በአንድ መጠበቂያ የሚቀመጡበት ምክንያት ይህ ነው።

የውሃ መስመር በሚቋረጥባቸው ጊዜያት የፍልውሃ ጥቅም ይበልጥ ይታያል፤ ውሃው ከራሱ ከርሰ ምድር ስለሚወጣ በከተማው መስመር ብቻ የሚወሰን አይደለም። ሙቀቱም ማገዶም ሆነ ማሞቂያ ምድጃ አይጠይቅም።

ከምንጩ አጠገብ ያለው ፍንፍኔ አዳራሽ የቀድሞውን የቦታ ስም እንደያዘ የቆየ የታወቀ ምግብ ቤት ነው።

የምንጩ ሥጋቶች

የፍልውሃ ዋና ጥያቄ የውሃው ዘላቂነት ነው። በምኒልክ ዘመን ውሃው በራሱ ግፊት ከመሬት ይፈልቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአካባቢው ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ውሃው በፓምፕ ይሳባል። ጉድጓዶቹ የተለያዩ ባለቤቶች ቢኖሯቸውም ውሃው የሚመጣው ከአንድ የተያያዘ ሥርዓት ነው። አንዱ አብዝቶ ሲስብ የሌላው ጉድጓድ ውሃ ይወርዳል፤ በተፈጥሮ የሚፈልቁ ምንጮችም ይዳከማሉ። ውሃው ወደ ጥልቅ ሰርጎ፣ ሞቆ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ ረጅም ስለሆነ የተጎዳ ምንጭ ቶሎ አያገግምም።

ሁለተኛው ሥጋት ብክለት ነው። ከታች የሚመጣው ሙቅ ውሃ ጥልቅ በመሆኑ በአንጻራዊነት የተጠበቀ ቢሆንም፣ ወደ ላይ ሲቃረብ ጥልቀት ከሌለው የከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሊቀላቀል ይችላል። በከተማዋ ያሉ ወንዞች በፍሳሽ ቆሻሻ የተጎዱ ስለሆኑ የወንዞቹ ንጽሕናና የምንጩ ደኅንነት አንድ ላይ የሚታዩ ጉዳዮች ናቸው።

ሦስተኛው የመሬት ጉዳይ ነው። ቦታው በከተማዋ እጅግ ውድ በሆነው ክፍል ውስጥ ይገኛል። አካባቢው በትላልቅ ሕንፃዎችና በመናፈሻዎች ሲለወጥና የቀድሞ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሲዛወሩ፣ በእግሩ መጥቶ በአነስተኛ ዋጋ ይታጠብ የነበረው ደንበኛ ይርቃል። ስለዚህ ፍልውሃን መጠበቅ ማለት ምንጩንና ሕንፃውን ከመጠበቅ ሌላ፣ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ሊከፍለው የሚችል አገልግሎት ሆኖ እንዲቀጥል ማድረግንም ይጨምራል።

ሌሎች የኢትዮጵያ ፍል ውሃዎች

ስምጥ ሸለቆ አገሪቱን አቋርጦ ስለሚያልፍ ፍል ውሃ በብዙ ቦታዎች ይገኛል። ከታወቁት መካከል በአዋሽ ወንዝ ዳር ያለው ሶደሬ፣ በሐዋሳ አቅራቢያ የሚገኘው ወንዶ ገነት፣ በምዕራብ ሸዋ አምቦ፣ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ወሊሶ እና በደቡብ ጎንደር ዋንዛዬ ይጠቀሳሉ። እነዚህ ብዙዎቹ ሰው ከከተማ ወጥቶ የሚያርፍባቸው ወይም ለሕመም የሚሄድባቸው ቦታዎች ናቸው። የአዲስ አበባው ፍልውሃ የሚለየው የአገሪቱ ዋና ከተማ በዙሪያው መቆርቆሯና እርሱም በከተማዋ መሐል የዕለት ተዕለት መታጠቢያ ሆኖ መቆየቱ ነው።